ቅቤው ሳይወጣ

ጂንካ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1981 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ሶርሳ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ፖስታ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። መሞትህን የነገረን ወረቀት ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም፤ ስምህም ተሳስቷል።

ያንን ቅዳሜ አትረሳውም። ገበያ ላይ ወጣቶች ለውትድርና እየታፈሱ ነው ብለህ እያለከለክህ ገባህ። የነጋዴው የሐቢብ መኪና ወደ አልዱባ ሊነሳ ስለሆነ ጋቢህን ይዘህ በዚያ ልታመልጥ ነበር። እማዬ ቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ወተት ትንጣለች። ቅል ሲናጥ የገባ ሰው ቅቤው ሳይወጣ ከቤት አይወጣም፤ ከወጣ ቅቤውን ይዞት ይሄዳል፣ ላሟም ትነጥፋለች። ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። እማዬ ግን አየችህና እጇን አቆመች። ልትለቅህ ነበር። ፊቷን አይቻለሁ።

ያልለቀቅሁህ እኔ ነኝ። በሩ ላይ ተቀመጥኩና፣ «ወታደር ፈርተህ ላማችንን ልታነጥፍ ነው?» አልኩህ።

ሳቅህ። «እሺ ሻንቆ፣ ቅቤህን አውጥቼልህ እሄዳለሁ» ብለህ ቅሉን ከእማዬ ተቀበልህ።

እማዬ በቅሉ ቀዳዳ ስንደዶ እየከተተች ቅቤ መውጣቱን ታያለች፤ ስንደዶው ወተት ብቻ ይዞ ይወጣል። ገና ነው። የሐቢብ መኪና ጥሩንባውን ነፋ፣ ሄደ። በመጨረሻ የቅሉ ድምፅ ሲከብድ እኔ ደስ አለኝ። እማዬ የመጀመሪያዋን ቅቤ አናትህ ላይ አድርጋ እጇን ሳታነሳ አብዮት ጠባቂዎቹ በሩን ገፉት። ቅቤው ግንባርህ ላይ እየቀለጠ ወሰዱህ።

መርዶህ ከመጣ ወዲህ እማዬ ጸጉሯን ቅቤ አልነካውም፤ ቅሉም እንደተሰቀለ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አንተ ነህ» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ አክስታችን አይናለም ወተቱ እስከ መቼ ይደፋል ብላ ቅሉን አወረደችው። እየናጠች ሳለ ከትምህርት ቤት ገባሁ። ደብተሬን አስቀመጥኩና ስንደዶው ገና ወተት ብቻ ይዞ እየወጣ ሳለ ተነስቼ ወጣሁ። «ሻንቆ፣ ተመለስ» ብላ ጠራችኝ። ወንዙ ዳር ብዙ ተቀመጥኩ። ቅቤው ጠፍቶ ባገኝ፣ ላሟም ብትነጥፍ፣ ያን ቀን አንተን ማቆየቴ በከንቱ አይሆንም ነበር።

ስመለስ እማዬ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አንድ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠች።

ቅቤው ወጥቷል፣ ሶርሳ። ያን ቀን ከወጣው ይበልጣል።

ከእንግዲህ ቅል ሲናጥ የገባ ሰው ሲወጣ መንገድ እለቃለሁ። ላንተ ግን ዘገየሁ።

በር ላይ የተቀመጠው ወንድምህ፣
ሻንቆ