የጊታር ተጫዋቹ የአቶ ምንዋጋው ገብረ ሊባኖስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ምንዋጋው ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ኅዳር 12 ቀን 1938 ዓ.ም. በሰቆጣ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከአባታቸው ዘንድ ነው። አንዴ የሰሙትን ዜማ ሳያዛንፉ ይመልሱ ስለነበር መሪጌታ የዜማ ወንበራቸውን ለእሳቸው ሊያወርሱ አስበው ነበር።

በ1947 ዓ.ም. መምህር አሥራተ ማርያም የተባሉ አስተማሪ ከደሴ ተመድበው ሲመጡ ጊታርና የባትሪ ሬዲዮ ይዘው ነበር። አቶ ምንዋጋው ገና በዘጠኝ ዓመታቸው፣ በሬዲዮ የሰሙትን ጃዝ በማግስቱ በጊታሩ ተጫወቱት። መምህሩም ደንግጠው፣ ልጁን አዲስ አበባ ልውሰደው እያሉ መሪጌታን ሁለት ዓመት ለመኑ። መሪጌታ በመጨረሻ፣ «ሂድ፤ እኔ ግን ያንን ነገር አልሰማም» ብለው ልጃቸውን አሰናበቱ።

አዲስ አበባ ከአንድ የሆቴል ባንድ ጋር ሲጀምሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበርና፣ ለተመልካች እንዲታዩ ሳጥን ላይ ያቆሟቸው ነበር። ጋዜጣ ጻፈላቸው፤ አሥመራ ድረስ ተጠርተው ተጫወቱ። በ1959 ዓ.ም. ወይዘሮ ጸሐይነሽን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1963 ዓ.ም. የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ዛለች። ከዚያ ክንዳቸው፣ ቀጥሎም እግራቸው። ሐኪሞች የነርቭ በሽታ ነው አሉ እንጂ መድኃኒት አላገኙለትም። ወገሻ ታየ፤ ጠበል ተገባ። በ1965 ዓ.ም. ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከኮረም በበቅሎ ደግፈው ሰቆጣ አስገቧቸው።

መሪጌታ ልጃቸውን ለአሥራ ስድስት ዓመት አላዩም ነበር። ከጓዙ ውስጥ ጊታሩን በገዛ እጃቸው አውጥተው የልጃቸው ጭን ላይ አኖሩና፣ «እስቲ አሰማኝ» አሉ።

«አባ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አሉ አቶ ምንዋጋው።

አንደበታቸው ከተያዘ በኋላ እንኳ ጆሯቸው አልደከመም። የጊታሩ ክር ሲረግብ ይከፋቸው ስለነበር ወይዘሮ ጸሐይነሽ በየጠዋቱ መቃኛውን ያዞራሉ፤ እሳቸውም ልኩ ሲመጣ ዓይናቸውን ይከድናሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። ከልጃቸው ጊታር የሰሙት ይህንኑ ነው፤ ስድስቱ ክሮች አንድ በአንድ ሲነኩ።

አቶ ምንዋጋው የካቲት 3 ቀን 1966 ዓ.ም. በሃያ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ወላጆቻቸውን፣ ባለቤታቸውንና የስድስት ዓመት ልጃቸውን አመተ ሥላሴን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ፤ አንዱም አላዳናቸውም። በዚህ ክፉ የረሃብ ዘመን፣ ሁሉም የየራሱ ሐዘን እያለበት ለቀብራቸው ለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለአባታቸውም የሚጽናኑበትን ያድልልን። አሜን።