የሌባ ጣቴ ጉዳይ

መስከረም 19 ቀን 1962
ሙቀት። ሥራ እንደ ልማዱ። መርከብ ገባ፣ መርከብ ወጣ፤ የሁሉንም ወሬ ነጥብና ሰረዝ አድርጌ ላክሁ። የቀኝ ሌባ ጣቴ ጫፍ አብጧል። አሥራ አንድ ዓመት ቴሌግራፍ ሲመታ የኖረ ጣት ባያብጥ ነበር የሚገርመው። ሳሉም አለ... እሱ እንኳ የቤት ሰው ሆኗል። ሲጋራ ልቀንስ? ከነገ ወዲያ።

መስከረም 27
ጎረቤታችን መምህርት አሰጋሽ መድኃኒት አዘዘችልኝ። "ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ፣ ሎሚ ይብሱና ጣትዎን ይክተቱበት። መግሉን ይስበዋል።" አሰብ ላይ ሎሚ ከየት ይመጣል? ሾፌሩ ሸዋንግዛው ከኮምቦልቻ አንድ ከረጢት ሙሉ አመጣልኝ። ሁለት ቀን ጣቴን ሎሚ አስደፍቼ ቢሮ ዋልሁ። ባልደረቦቼ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ውባንቺ ብቻ አልሳቀችም። "የማይመግል እብጠት አልወድም" አለች። ሚስቴ ሐኪም የሆነችው መቼ ነው?

ጥቅምት 9
ድሬሰር አሥራት በጣው። መግል የለም፤ ደም ብቻ። "እልከኛ ጣት ነው ያለህ" አለኝ፣ እኔ ያሳደግሁት ይመስል። አምስት ቀን የፔኒሲሊን መርፌ፣ መቀመጫዬ ላይ። አሁን ሁለት ቦታ ያመኛል።

ጥቅምት 17
ሌባ ጣቴ በውፍረት አውራ ጣቴን በለጠ። ሹመት መሆኑ ነው።

ጥቅምት 28፣ አስመራ
በአውሮፕላን መጣሁ። ብርዱ ደስ ሲል! ፈረንጁ ሐኪም ጣቴን ራጅ አስነሣና ብዙ አየው። አጥንቱ ተበልቷል አሉ። ከዚያ "ሸሚዝህን አውልቅ።" ለጣት? ደረቴንም አነሡት። "ስንት ዓመት አጨስክ?"
"ኧረ እኔን የሚያመኝ ጣቴ ነው!" አልኩ። አስተርጓሚዋ ነርስ አልተረጎመችውም።
ከጣቴ ቆንጥረው ለምርመራ ወሰዱ። ነርሷ ስትሸኘኝ፣ "ውጤቱን በቴሌግራም እንልካለን። ለባለቤትዎ ይሁን?" አለች።
"ለምን ለእኔ አይሆንም?"
"ደንቡ ነው። እሳቸው ማንበብ ይችላሉ?"
"እንዴታ!" አልኩ። የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሚስት ፊደል አልቆጠረችም ልበል? አፈርኩ። ደግሞስ ምን ቸገረኝ... የሚያነብላት እኔ አይደለሁ?

ኅዳር 13
ረፋድ ላይ አስመራ በሽቦው ጠራ። ተረኛው እኔ ነበርኩ። እርሳሱን በመካከለኛው ጣቴ ደግፌ መጻፍ ጀመርኩ። "ለወይዘሮ ውባንቺ..." ሚስቴ!
ቃል በቃል ገባ። የባለቤትዎ በሽታ የሳንባ ካንሰር ነው። ጣቱ ላይ የወጣው ከሳንባው ተሠራጭቶ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ መውጣቱ ብርቅ ነው። ሕመሙ እንዲቀንስለት ጣቱ ይቆረጣል። በሽታው ግን አይድንም። ለእሱ አይንገሩት።
"ደርሶኛል" ብዬ መለስኩ። ሌላ ምን ይባላል?
ስንቱን ሞት በዚህ ሽቦ አሳልፌያለሁ። የእኛ ሰው ሲሞትበት "በጠና ታሟል፣ ቶሎ ድረስ" ብሎ ነው የሚልከው። መርዶው በኋላ በዘመድ አፍ ይነገራል። ፈረንጅ ይህን ከየት ይወቀው? ብርቅ ነው አለኝ ደግሞ። ዕድሜ ልኬን ተራ ሰው ነበርኩ።
በታይፕ ገለበጥኩት። የሰው ቴሌግራም ለባለቤቱ እንጂ ለሌላ አይነገርም፤ ስቀጠር ምዬበታለሁ። አሽጌ በመልእክተኛ ወደ ቤት ላክሁት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ኅዳር 14
ትናንት ስገባ ውባንቺ በር ላይ ቆማለች። ፖስታው ተቀዷል። "እስቲ አንብብልኝ።"
ተቀበልኳት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ውጤቱ ጥሩ ነው። ቁስሉ ጣቱ ላይ ብቻ ነው። ጣቱ ከተቆረጠ ይድናል።"
ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ይኸው ነው?"
"ይኸው ነው።"
"ሌላ የለውም?"
"የለውም።"
ከዚያ እልል አለች። ሰፈሩ እስኪሰማ! አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። አንድ ጊዜ ብዋሽ ሚስቴ ደስ አላት። ይሁን። እሷ እንኳ ትተኛ።

ኅዳር 20
ውባንቺ ከበይሉል የመጣ ፍየል አሳርዳ ጎረቤት ጠራች። ሸዋንግዛው ጥብሱን እየጎረሰ፣ "አንድ ጣት ምን አላት? ዘጠኝ ይቀርሃል!" አለ። ዕድሜ ይስጥህ ብለው መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። አሰጋሽ ምግቡን ሳትነካ ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች። ሥጋው እንኳ ጥሩ ነበር።

ታኅሣሥ 4፣ አስመራ
ተቆረጠ። በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

ታኅሣሥ 11፣ አሰብ
ትናንት ደም አሳለኝ። መሐረቡን ከአልጋው ሥር ደበቅሁ። ዛሬ ጠዋት ውባንቺ ስትጠርግ አገኘችው። ይዛው መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።
"ይሄም ከጣትህ ነው?"
መሐረቡን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።
"አሰጋሽ አንብባልኝ ነበር" አለች። "የዚያን ቀን። አንተ ከመግባትህ በፊት።"
"ታዲያ ለእኔ ለምን ሰጠሽኝ?"
"አትንገሪው ብለዋላ! ዝም ልበልህ? ነፍስህ ናት። ልንገርህ? አፌ እምቢ አለኝ። ራሱ አንብቦ ይወቅ ብዬ... አንተ ደግሞ ይድናል ብለህ አነበብክልኝ።"
"ውቤ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር። ቢሮ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።"
አፏን ይዛ ቀረች። "ሁለታችንም አውቀን ነው ፍየል ያሳረድነው?"
ሳቅ መጣብኝ። ሳልኩ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።
"እልልታውስ?" አልኳት።
"ልጮህ ነበር አፌን የከፈትኩት" አለች። "ዓይንህን ሳየው እልልታ አደረግሁት።"
አንድ ወር ሊሞላን ነበር። እሷ ከእኔ ተደብቃ ኩሽና ታለቅሳለች፣ እኔ ከእሷ ተደብቄ ቢሮ። ዛሬ አንድ ላይ አለቀስን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን እንኳ ሳንዘጋ።
ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ፣ "ስንት ጊዜ ይቀረናል?" አለችኝ።
"አላውቅም" አልኳት። ይሄ እውነት ነው።