ድንኳኑ ከከተማ አይወጣም

እሑድ፣ ግንቦት 3። ከቀኑ 9 ሰዓት

ከእድር ስብሰባ መመለሴ ነው። ላብ በላብ። የሰፈራችን የኒውላንድ ሙቀት ዛሬ አይጣል ነው። ደብተሬ፣ ላንተም ለመናገር አፍሬያለሁ። ግን ሌላ ለማን ልናገር?

ስብሰባው ሳይጀመር ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። የአንድ አገር ፕሬዚዳንት ያለ ተፎካካሪ ዳግም ተመረጡ ይላል። የየት አገር እንደሆነ አልሰማሁም፣ ሳቁ ዋጠው። ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ ተባለ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉ ጮክ ብዬ።

ከዚያ የኛ ምርጫ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ደክሞኛል፣ ዘንድሮስ በቃኝ፣ ሌላ ምረጡ አሉ። እንደ ልማዳችን ልመናውን ጀመርን። የሥራ ባልደረባዬ አሪየት እጇን አወጣች። ደክሟቸው ከሆነ እናሳርፋቸው፣ እኔ እወዳደራለሁ አለች። በደንባችን ዕጩ ደጋፊ ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ብቻ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ረቡዕ ጤ/ጣቢያ፣ መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ቃል ገብቼላታለሁ።

አየችኝ። እኔ ብዕሬን አየሁ። የእድሩ ጸሐፊ ነኝና የሚጻፍ አይጠፋም።

ደጋፊ ስላጣች ቀረች። ጋሽ ደምሴ ያለ ተፎካካሪ። ቃ/ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ባማረ የእጅ ጽሑፍ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሥራ። አሪየት ነርስ ናት፣ እኔ መድኃኒት አዳይ። በቀን ሃያ ጊዜ እንተያያለን። ዛሬ አንዴም ብቅ አላለችም፣ ሁሉን ነገር በበሽተኞቹ እጅ ትልካለች። የማንጎ ወቅት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ማንጎ ጠረጴዛዬ ላይ ታኖርልኝ ነበር። ዛሬ ለጥበቃው ሰጠችው። ይበለኝ።

ለምን ልትወዳደር እንደፈለገች ልጻፈው፣ ኋላ እንዳልክደው። እናቷ ከከተማው ውጪ፣ ፑኝዶ ናቸው። ታመዋል፣ በጣም። አምና ወንድሟ እዚያው ሲሞት እድሩ ድንኳን ከለከላት። ለቀስተኛው ዝናብ ሲመታው ዋለ። ደንቡ «ድንኳኑ ከከተማ አይወጣም» ይላላ! እሷ ይቺን አንድ መስመር ልታስቀይር ነበር። ለእናቷ እንዲደርስ። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከሰዓት

ባሮ ዳር። ዓሣ በላሁ። ውሃው ሞላ ብሏል፣ ልብስ አጣቢዎቹ ይሳሳቃሉ። ለትንሽ ጊዜ ደህና ነበርኩ።

ከዚያ ምክንያት መደርደር። ያጎረሰ እጁን ተነከሰ ይባልብኝ? ባለቤቴ አልማዝ ስትሞት ጋሽ ደምሴ አስከሬኗን ይዘው ያን ሁሉ ዳገት አብረውኝ ወጥተዋል፣ ጎሬ ድረስ። ሦስት ቀን ከጎኔ አልተለዩም። ደግ ሰው ናቸው። እውነቴን ነው።

ድንኳኑም አብሮን ወጥቷል።

አዎ። ጻፍኩት። ያ ከከተማ የማይወጣው ድንኳን ጎሬ፣ የአልማዝ አባት ደጅ ተተክሏል። መዝገቡ ላይ «ለጥገና ወጣ» ያልኩት እኔው ነኝ። የሚያውቁት ዝም አሉ። አሪየት አታውቅም። የወንድሟን ለቅሶ ስታወራልኝ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ እውነትሽን ነው፣ ግፍ ነው ስል ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ጠዋት 3 ሰዓት

የአሪየት እናት አረፉ። ስልኩ ሥራ ላይ ደረሳት። ቀብር ነገ፣ ፑኝዶ። ሁሉም አቀፏት። እኔን ግን በእጇ ጨበጠችኝ፣ እንደ እንግዳ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳት።

«አሜን፣ አቶ ታደሰ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ «ወንድሜ» ነበርኩ።

ያው ዓርብ፣ 10 ሰዓት

ድንኳኑን ለአሪየት ልጠይቅ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ደንቡን ይጠቅሳሉ። ለሷ ከፈቀድን ሁሉም ሊጠይቅ ነው፣ እሑድ ተሰብስበን እንወስን ይላሉ። እሑድ! ሴትዮዋ ነገ እየተቀበሩ።

መዝገቡን ፊታቸው ከፈትኩ። «ለጥገና» የምትለዋን ሰርዤ ከጎኗ ጻፍኩ፦ ወደ ጎሬ፣ ለባለቤቴ ለቅሶ። ፈረምኩ። በስተርጅና ታዋርደኛለህ አሉ። ራሴን ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ፊታቸውን አዞሩ። ጸሐፊነቱንም ሌላ ሰው ይያዘው ብዬ ወጣሁ። እንደ ልማዱ ቆይ ብሎ የለመነኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ንጋት 12 ሰዓት

መናኸሪያ። ድንኳኑ መኪናው ጣራ ላይ ታስሯል። ሰማዩ ጠቁሯል።

እሑድ ያስፈለጋት አንድ እጅ ነበር፣ ደብተሬ። አንድ። ይሄ ሁሉ ሸራ ያን እጅ አይተካውም። የጎሬውን ነገር እነግራታለሁ፣ አንድ ካስማ ሳይመታ፣ ለቀስተኛው እየሰማ። ትከሉት ብትልም፣ መልሱት ብትልም ፈቃዷ ነው። ሹፌሩ ሞተር አስነሣ። መልሱት ካለች ድንኳኑ ይመለሳል፣ እኔ ግን አልመለስም። ዝናቡ ውስጥ ከሰዎቿ ጋር ቁጭ ብዬ እውላለሁ።