አንድ እፍኝ ኦቾሎኒና የማይዋሽ ሚዛን

ለተከበሩ ወንድም ኢዮስያስ ሐብተማርያም
የቤተ ክርስቲያናችን የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ላቪንግተን፣ ናይሮቢ

ረቡዕ፣ ሰኔ 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በአደባባይ ለተነበበልኝ ክብደት ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና የኮሚቴዎን አባላት በሙሉ ጤንነት፣ በቀጭን ወገብና በረጅም ትንፋሽ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ምን ያህል ደህና እንደ ሆንኩ ባለፈው እሑድ በሁለት መቶ ሰው ፊት እስከ ነጥቧ ድረስ ስላስነበቡልኝ፣ ዝርዝሩን በመድገም ጊዜዎን አላባክንም።

ምናልባት ከቁጥሬ በቀር የማያውቁኝ ቢኖሩ፣ እኔ በኢስትሊ ኦቾሎኒ፣ እዚህ ኮሮሾ የሚሉትን የካሹ ለውዝ፣ ምስርና አተር በጆንያ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የየዕለቱን ነገር በማስታወሻ ደብተር መጻፍ የቆየ ልማዴ ስለ ሆነ፣ ቅሬታዎቼን ከትዝታ ሳይሆን ከደብተሬ እየቀዳሁ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ በመጋቢት ወር ከመሥሪያ ቤትዎ አምጥተው፣ ራስዎ ወደ አማርኛ መልሰው ያደሉን ወረቀት፣ በየቀኑ አንድ እፍኝ ጨው የሌለው ኦቾሎኒ ወይም ሌላ ለውዝ መብላት ረሃብን እንደሚያስታግሥና ክብደትን ለመቆጣጠር እንደሚረዳ ይናገራል። ሐኪም ስለ ጉልበቴ ብሎ ክብደት እንድቀንስ ለነገረኝ፣ በዚያ ላይ ኦቾሎኒ ሻጭ ለሆንኩ ሰው፣ ይህ ቃል እንዴት ያለ የምሥራች እንደ ነበረ ይገምቱ። በዚያው ቀን ደብተሬ ላይ «ኮሚቴው የተማሩ ሰዎች ስብስብ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። ወረቀቱ ጀርባ እንዳለውና በጀርባውም «በማንዳዚና በሳምቡሳ ፋንታ» የሚል መስመር እንደ ሰፈረበት ያወቅሁት ግን ከትናንት በስቲያ ነው። ወረቀት የሚገለበጥ ነገር መሆኑን ከመድረክ ባለመንገርዎ ማዘኔን እየገለጽኩ፣ ለሦስት ወር ማንዳዚዬን፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ፣ በሻይ፣ ሳምቡሳዬን በሚጥሚጣ፣ ኦቾሎኒዬንም ከሁለቱ በላይ ስበላ መክረሜን አሳውቃለሁ።

2ኛ/ ወረቀትዎ እፍኝ ይላል እንጂ የማን እፍኝ እንደ ሆነ አይናገርም። የእርስዎ እጅ የቢሮ እጅ ነው፤ እስክሪብቶ ይዞ ያደገ ነው። የእኔ እጅ ሠላሳ ዓመት ጆንያ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የኖረ፣ ያለ ሚዛን ሩብ ኪሎ የሚያነሣ እጅ ነው። ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ። እንደሚያውቁት እኛ ዘንድ ሰፍሮ ምርቃት ሳይጨምር ደንበኛ የሚሸኝ ነጋዴ ስሙ አይነሣም። እኔም ለራሴ ስሰፍር እጄ በልማዱ ሄደ። ደብተሬ ይመሰክራል፤ የመጋቢት 20 ጽሑፍ «አንድ እፍኝ» ይላል፤ የሚያዝያ 4 ጽሑፍ «አንድ እፍኝ፣ ከነምርቃቱ» ይላል፤ በግንቦት አጋማሽ የሰፈረው ደግሞ «ምርቃት ሁለት ጊዜ፣ ደንበኛው ጥሩ ሰው ነውና» ይላል። ደንበኛው እኔ ነበርኩ። ከሞምባሳ ኮሮሾ ሲመጣ ከየጆንያው አፍ እያነሣሁ የቀመስኩት በዚህ ውስጥ የለም፤ ነጋዴ ዕቃውን መቅመሱ ሥራ እንጂ ምግብ ሆኖ አያውቅምና።

3ኛ/ ክብደታችን በየሦስት ወሩ ከአምልኮ በኋላ በአዳራሽ እንዲመዘንና በድምፅ ማጉያ እንዲነበብ መወሰናችሁ፣ ኃጢአት እንኳ በጓዳ በሚነገርበት ቤት ውስጥ ትልቅ እርምጃ ነው። አንባቢ ሆና የተመደበችው ሚልካም እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ድምፀ መልካም ልጅ በመሆኗ፣ «ጋሼ ቶሎሳ፣ ዋን ኦ ፋይቭ ፖይንት ፋይቭ! ፕላስ ሰቨን! ጋሼ፣ ዋት ሃፕንድ?» ስትል አማርኛ የማይሰሙት የውጭ እንግዶች ሳይቀሩ ቀድመው ሳቁ። ከመቶ በታች ሆኜ ጀምሬ፣ ክብደት ሊቀንስ በተመዘገበ ጉባኤ ውስጥ ሰባት ኪሎ የጨመርኩት ብቸኛ ሰው እንደ ሆንኩ ያረጋገጡልኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ጭብጨባም ጋበዙልኝ።

4ኛ/ አራተኛው በእናንተ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ አይደለም። ተራ ቁጥሩን ስለ ጀመርኩት ብቻ ነው እዚህ የገባው።

ሳቁ ባላባራበት ሰዓት ከወንበሬ ተነሥቼ «ሚዛኑ ነው! ሚዛኑ ሰባት ኪሎ ያበዛል!» ብዬ ጮኽኩ። ሕዝቡ ምናልባት ያምነኝ ነበር፤ ሚልካም ወረቀቷን አጣጥፋ «ሶሪ ጋሼ» ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። ነገር ግን በሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ያላት፣ ምስርና ኦቾሎኒዋን ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ በጆንያ የምትወስደው እኅት የውብዳር ከኋላ ተነሣች። እንደ ሁልጊዜው ድምፅዋን ሳታነሣ «ጋሼ ቶሎሳ፣ ይሄ ሚዛን ከእርስዎ መደብር የመጣው አይደለም እንዴ?» አለች። አዎ፣ ለኮሚቴው በበጎ ፈቃድ ያዋስኩት፣ መርፌው እንደ ግድግዳ ሰዓት ከሩቅ የሚታየው የጆንያ ሚዛኔ ነው። «ታዲያ ሰባት ኪሎ የሚያበዛ ከሆነ፣ የኔ ሰባት ሰባት ኪሎ ምስር የት ገባ?» ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ወንድም ኢዮስያስ፣ ሳቁን እችለው ነበር። ያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው። ከእኔ የሚገዙ ሌሎች ሦስት ሰዎች በአዳራሹ ነበሩ፤ እነሱም በልባቸው የየራሳቸውን ጆንያ መቁጠር እንደ ጀመሩ ከፊታቸው አነበብኩ። ሚዛኑ ልክ ከሆነ ሆዳም ነኝ፤ ሚዛኑ ካበዛ ሌባ ነኝ። ሦስተኛ በር አልነበረም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ የሰቀልኩትን ኮት እንኳ ሳላነሣ፣ በጎን በር ወጣሁ። ሆዴን ለመሸፈን ብዬ የሠላሳ ዓመት ስሜን አውልቄ ጣልኩት፤ ይህንን ያደረገኝ ኮሚቴ አይደለም፣ ወረቀትም አይደለም።

የዚያን ዕለት ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሚዛኑ ልክ እንደ ሆነ አውቅ ነበር።» አውቅ ነበር። በየዓመቱ እየተፈተሸ ማኅተም ይመታበታል፤ በየሳምንቱም እኔ ራሴ እሞክረዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት የውብዳርን አስጠራሁ፤ መጣች። ጎረቤቴ ፈድሉም ከሱቁ ያልተፈታ ባለ ሃምሳ ኪሎ ስኳር በትከሻው አምጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። መርፌው ሃምሳ ላይ ቆመ፤ ለጆንያው ብቻ ትንሽ አለፍ አለ። ፈድሉ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነውና፣ «ስኳሩ አልዋሸም። በል አንተ ደግሞ ውጣና እንይህ» አለኝ። ወጣሁ። መቶ አምስት ተኩል፤ ለቅምሻ የወሰድኩት ኮሮሾ እንኳ ገና አፌ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ተሸካሚዎቼ ቆመው ሲያዩ፣ ከሚዛኑ ሳልወርድ፣ እሑድ የተናገርኩት ውሸት እንደ ነበረ ነገርኳት፤ ደብተሬንም ከፍቼ ስለ እፍኙና ስለ ምርቃቱ አነበብኩላት። መርፌውን ጠጋ ብላ አየችና «ጋሼ፣ ሆዳምነትዎን ይቅር ብያለሁ፤ እሱ የእኔ ጉዳይም አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያንን ምርቃት ለኔ ያድርጉልኝ» አለች። ሁለት ጆንያ ምስር አስጭና ሄደች። ጆንያዎቹ ሲመዘኑ መርፌውን ሁለት ጊዜ አየችው። በስምንት ዓመት ውስጥ አይታው አታውቅም ነበር።

በሁለት መቶ ሰው ፊት የተነገረ ውሸት በአራት ሰው ፊት አይስተካከልም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ በተለይም ከኮሚቴው የክብደት ሠንጠረዥ አጠገብ፣ እንዲለጠፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሚዛኑ ልክ ነው። ጆንያችሁ ሁሉ ሙሉ ነበር። የጎደልኩት እኔ ነኝ፤ በሰባት ኪሎ ትርፍ የጎደለ ሰው አይታችሁ ካወቃችሁ ማለቴ ነው።

ከእንግዲህ ኦቾሎኒዬን ጠዋት በቡና ስኒ ሰፍሬ፣ በማንዳዚ ፋንታ፣ ያለ ምርቃት እበላለሁ። ለጤናዬ ስላሰባችሁ፣ ቁጥሬን ከዘመዶቼ ቀድሞ ማኅበረ ምእመናኑ እንዲያውቀው ስላደረጋችሁ፣ የወረቀቱንም ጀርባ ባዶ ስላልተዋችሁ፣ ምስጋናዬ ከክብደቴ ያላነሰ ነው።

ወገባችሁ እንደ ቃላችሁ የተመጠነ ይሁን እያልኩ፣ በአክብሮት ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ ብቻ፣ እጅ እነሣለሁ።

ቶሎሳ ኢስሀቅ
ኢስትሊ

ግልባጭ፦
ለእኅት የውብዳር፣ ሁርሊንግሃም
ለወንድም ፈድሉ፣ ጎረቤቴ፣ ስኳሩን እያመሰገንኩ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚዛኑን በፒክአፕ ይዘው መጥተው በመጋዘኔ ደጃፍ ባስቀመጡበት ጊዜ፣ እኔ የሌለሁ መስሎዎት ጫማዎን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ወጥተው ነበር። ለሚቀጥለው ንባብ ስምዎ በተመዛኞቹ ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ። እኔ ከጆንያዎቹ ኋላ ተደብቄ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ የሰው ፊት ለማየት አፍሬ። መርፌውም ከዚያ ቦታ ጥርት ብሎ ይታያል። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ሰረዝኩት። ቁጥር በአደባባይ ሲነበብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁና።