በጉቴ ሠርግ ላይ ቀርበናል

ቀን፦ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወሰንና ይዞታ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነቀምቴ

አመልካች፦ ሠርፀ የኋላሸት፣ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ በከኒሳ ቀሴ ክፍለ ከተማ

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤቱ መጥሪያ በታዘዝንበት ቀንና ቦታ የቀረብን ስለሆነ፣ «አልቀረቡም» ተብሎ የተሰጠው አጥር የማፍረስና ዛፍ የመቁረጥ ውሳኔ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ለያዙት ኃላፊነት ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ ጉዳዬን እንደሆነው አስረዳለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት አፋን ኦሮሞ ብናገርም በጽሕፈት ስለምዘገይ ነው። የደብዳቤዎቹን ቃል ተርጉሜ ጠቅሻለሁ፤ ዋናዎቹ ተያይዘዋል።

1. እኔና ኦቦ ባቻ በአንድ አጥር የምንለያይ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረቤቶች ነን። ባለፈው ኅዳር «አጥሩ አርባ ሳንቲ ሜትር ወደ እኔ ገፍቷል» ብለው ከሰሱኝ። በአጥሩ መስመር ላይ አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። አጥሩ ሳይኖር ባለቤቴ ወ/ሮ ዝማሬና የኦቦ ባቻ ባለቤት አዴ ድርቤ አብረው የተከሉት ስለሆነ፣ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ክርክሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

2. ጥር 8 ቀን ቁጥርና ማኅተም ያለው መጥሪያ ደረሰኝ። «ስለቀረበብዎት ክስ ማስረጃና ምስክር ይዘው ከዚህ በታች በተመለከተው ቀንና ቦታ እንዲቀርቡ» ይላል። ከዚህ በታች ደግሞ፣ «እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በጉቴ ከተማ በኦቦ ቢራቱ ግቢ፣ ከነቤተሰብዎ ተገኝተው ደስታችንን እንዲካፈሉ» ይላል። ዙሪያው አበባ ነው፤ ከላይ ሁለት ቀለበቶች ተያይዘው ይታያሉ። ፕሪንተሩ ጥቁር ብቻ ስለሚያትም አበባው ጥቁር ነው።

3. ልጄ ማሂ አይታው «አባዬ፣ ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው» አለችኝ። «ማኅተም ያረፈበት የሠርግ ጥሪ የት አይተሻል?» አልኳት። ጽሕፈት ቤቱ አገልግሎቱን አሻሽሏል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ቀለበቶቹን የከሳሽና የተከሳሽ እርቅ ምልክት አድርጌ ተረጎምኳቸው። ኦቦ ባቻን ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻል ነበር፤ ግን ያኔ አንነጋገርም ነበር።

4. በተባለው እሑድ ማሂንና ሁለት ምስክሮቼን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኦቦ ባቻና አዴ ድርቤ ፋይላቸውን ታቅፈው ከፊቴ ተቀምጠዋል። እሳቸው በቀኝ መስኮት፣ እኔ በግራ መስኮት እያየን ጉቴ ደረስን።

5. ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ዘፈን አለ። በር ላይ የቆሙ እናት «ኮታ፣ ኮታ፣ ታአ» እያሉ እጄን ይዘው ወደ መቀመጫ ወሰዱኝ። «የማን ወገን ነዎት?» ሲሉኝ «የተከሳሽ» አልኩ። «ምንም አይደል፣ መጀመሪያ ይብሉ» አሉኝ። ፋይል በመያዛችን እኔና ኦቦ ባቻን ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ከእኛ ሌላ ፋይል የያዙ ዘጠኝ ሰዎች ቆጥሬያለሁ። አንደኛው የይዞታ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያስረዳ ወጥ ተደፍቶበታል። ወሰኑ አሁንም ይነበብ እንደሆነ እሱ በራሱ አቤቱታ ይገልጻል።

6. ሙሽራው ሲገባ የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ሠራተኛ አቶ ቀነአ ሆኖ አገኘሁት። ፋይሌን የከፈተልኝ እሱ ስለሆነ ችሎቱ ሊጀመር ነው ብዬ ተነሣሁ፤ የመዝገብ ቁጥሬንም በድምፅ ተናገርኩ። «ጋሼ ሠርፀ፣ ዛሬ?» አለኝ። ሙሽራዋ ወ/ሮ ሶረቲ ዙሪያዋን አየት አድርጋ «ቀነአ፣ እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?» አለችው። «ከሥራ ናቸው» አላት። ማሂ ጆሮዬ ሥር «አልነገርኩህም?» ያለችኝ ያን ጊዜ ነው።

7. ለመሄድ ስነሣ የሙሽራዋ አባት ኦቦ ቢራቱ ከለከሉኝ። ቤታቸው የመጣ ሰው ከነክሱ አይመለስም አሉ። የሁለታችንንም ቃል በየተራ ሰሙና «እስቲ አርባ ሳንቲውን አሳዩኝ» አሉ። ሜትሬ ከኪሴ አይለይም፤ ዘርግቼ አሳየኋቸው። «ይሄ እኮ የሰው ትከሻ አያሳልፍም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የኦቦ ባቻ ትከሻ አርባ ስምንት ነው፤ የለበሱትን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ቀጥለው «ዛፉን ማን ተከለው?» ብለው ጠየቁ። አዴ ድርቤ «እኔና ዝማሬ» አሉ። «እነዚህ ሁለቱስ ምን አደረጉ?» «ፍሬውን በሉ።» ኦቦ ቢራቱም ተካይዋ ትፍረድ ብለው ወሰኑ። የአዴ ድርቤ ፍርድ አጥሩ ባለበት ይቁም፣ ዛፉ አይነካ፣ ከዛፉ አጠገብ ግን በአጥሩ ላይ በር ይከፈት የሚል ነው። «ፍሬ ለመልቀም አስፋልት ዞሬ መምጣት ሰልችቶኛል» ብለዋል። በመጥሪያው ጀርባ ተጽፎ ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመውበታል። በሩን በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ እኔና ኦቦ ባቻ አብረን ከፍተነዋል።

8. ነገሩ አለቀ ብለን ስንቀመጥ ጥር 23 ቀን የተጻፈ ውሳኔ መጣልን። ከሳሽም ተከሳሽም ስላልቀረቡ አጥሩ እንዲፈርስ፣ በወሰኑ መስመር ላይ ያለው ዛፍም የካቲት 3 ቀን እንዲቆረጥ ያዛል። ከሥሩ ደግሞ ከነቤተሰቤ ጉቴ ተገኝቼ ደስታቸውን እንድካፈል ይጠይቃል።

9. ትናንት ጽሕፈት ቤቱ ቀርቤ አቤት ስል ጸሐፊዋ ወ/ሮ ዱረቲ «ጋሼ፣ ሰርቨሩ አልቀረቡም ይላል» አሉኝ። የጠራኝም እሱ ነው ብዬ መጥሪያውን ሳሳያቸው የኮምፒውተር ባለሙያውን አቶ ሞሲሳን ጠሩልኝ። አቶ ሞሲሳ በትዕግሥት አስረዳኝ። የጽሕፈት ፕሮግራሙ ድሮ በየኮምፒውተሩ ለየብቻ ይጫን ነበር። በታኅሣሥ ግን አንድ ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ተጭኖ፣ አሥራ አራቱም ጠረጴዛዎች በኔትወርክ ከእሱ እንዲጠቀሙ ተደረገ። «በየጓሮው ጉድጓድ የነበረው ሰፈር ወደ አንድ ቦኖ ዞረ ይበሉ» አለኝ። የደብዳቤው ቅጽም አንድ ብቻ ሆነ፤ እንዳይለወጥ መቆለፉ ግን ተረስቷል። አቶ ቀነአ ፈቃድ ከመውጣቱ በፊት የሠርጉን ጥሪ በዚያው ቅጽ ላይ አዘጋጅቶ፣ በራሱ ኮምፒውተር ያስቀመጠ መስሎት አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ከአሥራ አራቱም ጠረጴዛ የወጣ ደብዳቤ ሁሉ የሠርግ ጥሪ ሆነ። የራስጌና የግርጌ ጽሑፍና ሥዕል በኮምፒውተሩ ላይ ደብዝዞ ስለሚታይ ጸሐፊዎቹ ልብ አላሉትም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔም ሱሪ የምቆርጠው በአንድ ካርቶን ልክ ነው። ካርቶኑን አንድ ሰው ከሸረፈው ሰፈሩ በሙሉ አጭር ሱሪ ይለብሳል።

እውነተኛው ቀጠሮ ረቡዕ ጥር 21 ቀን ከጧቱ 3 ሰዓት፣ ቢሮ ቁጥር 6 ነበር። አበባው ቦታ ስለወሰደ ቀጠሮው ወደ ሁለተኛ ገጽ ተገፍቷል። መጥሪያ ሁልጊዜ አንድ ገጽ በመሆኑ ሁለተኛውን የሰጠን የለም። ገጾቹ ወ/ሮ ዱረቲ ጠረጴዛ ላይ ተገኝተዋል፤ ጀርባቸው ንጹሕ ስለሆነ ስልክ ቁጥር ይጽፉባቸው ነበር። አቶ ሞሲሳ ቅጹን ያኔውኑ አስተካክሎታል። መዝገቡን ማስተካከል ግን የእርስዎ ሥልጣን ነው ብሎኛል።

ስለዚህ፣ ክቡር ኃላፊ፣ የሚከተለውን እጠይቃለሁ።

ሀ. ጥር 18 ቀን ጉቴ መገኘታችን እንደ መቅረብ ይቆጠርልን። ማስረጃዬ መጥሪያውና የሠርጉ ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው ላይ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ የመዝገብ ቁጥሬን ስናገር በግልጽ ይሰማል።

ለ. የጥር 23ቱ ውሳኔ ከየካቲት 3 በፊት ይነሳ። አጥር ቢፈርስ መልሶ ይታጠራል። ያን ዛፍ ግን መልሰን ብንተክለው እንኳ ከተካዮቹ አንዷ የለችም።

ሐ. በሰርቨሩ ላይ ያለው የጋራ ቅጽ ከአቶ ሞሲሳ በቀር ማንም እንዳይለውጠው ይቆለፍ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱን ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት የተለየ ቦታ ይሰጠው።

መ. አቶ ቀነአ በዚህ ምክንያት እንዳይቀጣ። በስልክ ይቅርታ ጠይቆኛል። የእሱ ስህተት ባይኖር ኖሮ እኔና ኦቦ ባቻ ቢሮ ቁጥር 6 ተካስሰን፣ በየመስኮታችን እያየን እንመለስ ነበር።

ኦቦ ባቻ ክሳቸውን ማንሳታቸውን ለማረጋገጥ ከስሜ በታች ፈርመዋል። ከመፈረማቸው በፊት ጽሑፉን አንብበው «አርባ ሳንቲ» የሚለው «አርባ ሁለት» ተብሎ እንዲታረም ጠይቀውኝ ነበር። አላረምኩትም። ሆኖም ፈርመዋል። የቀረችው ሁለት ሳንቲ ሜትር በአዲሱ በር እየተመላለስን የምንከራከርባት ስለሆነች፣ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ እንዳይከፍትባት ሁለታችንም በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሁለት ቤት ሰላምታ ጋር

ሠርፀ የኋላሸት (ፊርማ)
ተከሳሽ የነበርኩ

ባቻ ተረፋ (ፊርማ)
ከሳሽ የነበርኩ