ደረጃው ላይ የጠየቅኸኝ

ውድ አባዬ፣

ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ «በደልኩህ እንዴ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ሾርባህን ጠጣ» ብዬ አለፍኩህ። መልሱን ስላላወቅኩት ነበር። ሳልነግርህ ሞትክ።

ያቺ ለቀለም ቅብ ሥራህ የምትነዳት መኪና ትናፍቀኛለች። ከባሕር ዳር ከተማችን ከዊትቢ ለንደን ድረስ ስድስት ሰዓት ሙሉ አንተ ከራዲዮው ጋር እያንጎራጎርክ፣ እኔ በኮምጣጤ የራሰ ድንች ጥብስ ጭኔ ላይ ይዤ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሴት ተብዬ ተወልጄ፣ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ወንድ ነኝ እያልኩ አስቸገርኩህ። እንደኔ ያሉ ልጆችን ለሚያየው ለዚያ የለንደን ክሊኒክ ሁለት ዓመት ተራ ጠብቀናል።

ሐኪሟ ደግ ነበረች። የምወጋው መርፌ ጉርምስናዬን ባለበት እንደሚያቆመው፣ አጥንቴን ሊያሳሳ እንደሚችል፣ ቀጥዬ የወንድ ሆርሞን ከወሰድኩ ምናልባት ልጅ እንደማይኖረኝ አስረዳችን። «ገባህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ፣ ሳትጨርስ። አንተ ክንዴን ይዘህ ወደ ደረጃው አወጣኸኝ።

«እስቲ ያለችውን ንገሪኝ።»

እንደ ቃል ጥናት አንበለበልኩልህ።

«ይሄ የሷ ነው። ያንቺስ?»

«ስለ መውለድ ምን አውቄ? ልጅ እኮ ነኝ!» ብዬ ጮህኩብህ። «የማውቀው ጡት ካወጣሁ ከክፍሌ እንደማልወጣ ነው። ዓመቱን ሙሉ ምግቤን በር ላይ ስታስቀምጥልኝ አልነበር?»

ጣትህ ላይ የደረቀውን ነጭ ቀለም ላጥክ። ከዚያ ገብተህ ለሐኪሟ «ሁሉም አልገባውም። እኔም አልገባኝም። ግን እሱ የሚያውቀው፣ እኔ የማላውቀው አንድ ነገር አለ» አልካት። «እሱ» ስትለኝ የመጀመሪያህ ነበር። ከዚያ ፈረምክ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን በጋዎች አልረሳም። ባሕሩ እንደ በረዶ ሆኖ ጥርሴ ሲንገጫገጭ «ወንድ ነኝ ብለህ አልነበር? ግባ እንጂ!» እያልክ ታበሽቀኛለህ። ከኔ በፊት ሮጠህ የምትወጣው ግን አንተ ነበርክ።

ባለፈው ማክሰኞ ሐኪም ቤት ነበርን። ባለቤቴ ኢሞጀን መውለድ እንደማትችል ካወቅን ቆይቷል፤ ተስፋችን ከኔ አካል የሚወሰድ እንቁላል ነበር። ያንተን ትልልቅ ጆሮ የያዘ ልጅ ፈልጌ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በወሰድኩት ሆርሞን የተነሳ አይሆንም አሉን። መኪና ውስጥ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ «አዎ» ያልኩት ምን እንደነበር ያን ቀን ገባኝ።

መልሴ ይኸውልህ። አልበደልከኝም። ግን ያማል፤ አንተን ለማጽናናት ብዬ አልደብቅህም። ያን መርፌ ባላገኝ ምን እሆን እንደነበር ማንም አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ያ የተዘጋ ክፍሌ ግን ትዝ ይለኛል። ደረጃው ላይ ቆመህ የራሴን ቃል የጠየቅኸኝም አንተ ብቻ ነህ።

ቅዳሜ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ልናይ እንሄዳለን። ታምሲን ትባላለች፤ አሳዳጊ ትፈልጋለች። እኛ ጋ መኖር ትፈልግ እንደሆነ እንጠይቃት ስል፣ ኢሞጀን «በስድስት ዓመቷ ምን ታውቃለች ብለህ ነው?» አለችኝ።

«ብዙ አታውቅም» አልኳት። «ግን እንጠይቃታለን። እስክትመልስልንም አናጣድፋትም።»

ደህና ሁን አባዬ።

ልጅህ ጁድ