ድንኳኑና ቦዩ

ሐሙስ

ሞሉት። ጧት ስወጣ ግማሽ ነበር፤ ስመለስ ቦዩ የለም። ከካዛንቺስ አስፋልት እስከ ታች ወንዙ ድረስ ሠራተኞቹ አፈር ደፍተው ደልድለውታል፤ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው። የጠየቅነው እኛው ነን። እድራችን የሐዘን ድንኳን የሚተክለው መንገዱ ላይ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ጠባብ። ቦዩ ተደፍኖ ይስፋልን አልን። ከባለቤቴ ከሰብለ በቀር የተቃወመ የለም። "ውሃውስ?" ብላ ነበር። ሰው ሳቀ።

ዓርብ

ሰማዩ በኡራኤል በኩል ጠቁሯል።

እትዬ አስካለ የመንገዱ መጨረሻ፣ ዝቅ ያለችው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ክረምት ላይ ውሃ ሲገባባቸው ፍራሻቸውን ተሸክመው እኛ ጋ ይመጣሉ። ያውም ቦዩ ክፍት እያለ። አሁንስ?

ቤት ውስጥ ያለን፦ አንድ አካፋ፣ የተቀደደ ላስቲክ፣ የእኔ ጭንቀት።

ሰብለ ከተማ ፕላን ቢሮ ነው የምትሠራው። "መንገድ የሚስለው አንዱ ክፍል ነው፣ ውሃውን ሌላው። ተገናኝተው አያውቁም" አለች። "እኛ ሰፈር እንኳ ይገናኙ፣ በቃ።" ወረቀት ዘርግታ መንገዱንና ቦዩን አንድ ላይ ሳለች። ቦዩ ተመልሶ ይከፈታል፣ ከላዩ የሚነሳ የሲሚንቶ ክዳን። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ስትሰካ ደስ ትለኛለች። አልነገርኳትም።

ቅዳሜ

ካፊያ ብቻ። እትዬ አስካለ አልጋቸውን ብሎኬት ላይ አውጥተውታል። "በመርከብ ልሄድ ነው፣ ትሸኙኛላችሁ" አሉን። ሳቅን። ቤት ስንገባ ማናችንም አልሳቅንም።

እሑድ

የእድር ስብሰባ። ሰብለ ወረቀቷን አሳየች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሸምሱ፣ "ልጄ፣ ዝናብ ሦስት ወር ነው። ሐዘን ዓመቱን ሙሉ ነው" አሉ። ብዙዎች ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እትዬ አስካለ ተነሡ።

"ስሞት ድንኳኔን የት እንደምትተክሉ አስባችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስክሞትስ የት ልተኛ?"

ከኋላ አንዱ፣ "ድንኳኑ ውስጥ፣ እትዬ!" አለ። እሳቸውም ጭምር ሳቁ። ጋሽ ሸምሱ ብቻ አልሳቁም። ወረቀቱን እንደገና አምጪው አሏት።

"ክዳኑ ድንኳን ይችላል?"

"ለቀስተኛውንም ይችላል፣ ጋሼ። ውሃው ከሥር፣ እኛ ከላይ።"

"በሉ ነገ ሁላችሁም አካፋ ይዛችሁ ውጡ። የቀረ ይቀጣል።"

ሰብለ ጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ።

ሰኞ

ሰፈሩ ወጣ። ጋሽ ሸምሱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ከፊት። የተሞላውን አፈር ስናወጣ ዋልን። ኮብልስቶን አንጣፊዎቹ እንጠብቃለን ብለዋል። ቢሮው ፕላኑን ይቀበል አይቀበል ገና አልታወቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ። እንደ ልማዳችን ለእትዬ አስካለ ፍራሽ ሳሎኑን ጠረግኩ። ሰብለ ሻይ ጣደች፣ ሦስት ብርጭቆ አቀረበች። በሩን ደጋግሜ አየሁ። ዝናቡ አባራ።

አልመጡም።

ሰብለ ሦስተኛውን ብርጭቆ ሞልታ፣ "ሳይቀዘቅዝ አድርስላቸው" አለችኝ። በቦዩ ዳር ዳር ወረድኩ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ወደ ወንዙ ይሮጣል። እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ምነው፣ ደረቅ ሰው አይተህ አታውቅም?"

ሻዩን ተቀበሉኝ። አልጋውን ከብሎኬቱ ላውርድልዎት ብላቸው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

"ትንሽ ይቆይ" አሉ።